ከእባጩ የወጣ ሁሉ እባጩን የሠራው አይደለም፦ ስለ እባጭ ተርቦች ጥያቄና መልስ

ቅዳሜ አራት ኪሎ ስንገናኝ ጊዜ አልበቃ ብሎ ያደሩ ጥያቄዎች አሉ። ሁሉም ተክል ላይ እንቁላል ጥለው ቅጠሉን ወይም ቅርንጫፉን ስለሚያሳብጡ ጥቃቅን ተርቦች ነው። እነሆ መልሱ።

ጋሼ፣ ከአዳማ አምጥተን ፒያሳ ግቢያችን የተከልነው ቀይ ባህር ዛፍ ቅጠሉ አባበጠ። እባጩን ብርጭቆ ውስጥ ሳስቀምጠው የሚያብረቀርቅ ትንሽዬ ተርብ ወጣ። ሲኒፒድ የሚባለው ይሄ ነው?

አይደለም ልጄ። ሲኒፒዶች 1,400 ገደማ ዝርያ ያላቸው ዋነኞቹ የእባጭ ተርቦች ናቸው። አብዛኞቹ የሚኖሩት ኦክ ዛፍ ላይ ነው፤ ኦክ ደግሞ የሀገራችን ዛፍ አይደለም።

አንቴናውንና ክንፉን እይ። የሲኒፒድ አንቴና ቀጥ ያለ ነው፤ ሴቷ ላይ ብዙውን ጊዜ 13 ወይም 14 ክፍል ይቆጠራል። የፊት ክንፏ ጠርዝ አካባቢ ባለ ሦስት ማዕዘን ክፍል አለ። ደረቷ ጎበጥ፣ ሆዷ ከግራና ከቀኝ ጨፍለቅ ያለ ነው። ያንተኛው ግን አንቴናው ክርን ያለው ይመስል ይታጠፋል። ክንፉ ላይም በፊት ጠርዝ ከሚሄደው አንድ መስመር በቀር ምንም የለም ማለት ይቻላል። ይህ ካልሲድ የሚባለው የሌላ ጥቃቅን ተርቦች ወገን ምልክት ነው።

እባጩ ያለው ቅጠሉ መሐል ባለው ዋና ሥር፣ በዘንጉና በለጋው ቅርንጫፍ ላይ ከሆነ ሌፕቶሳይቤ ኢንቫሳ የምትባለውን ካልሲድ ጠርጥር። ሴቷ ከ1.1 እስከ 1.4 ሚሊሜትር ናት፤ ቡናማ ሆና ሰማያዊና አረንጓዴ ታብረቀርቃለች። ወንዱ ብርቅ ነው፤ ሴቷ ያለ ወንድ ትባዛለች። ትውልዷ አውስትራሊያ ነው። ባህር ዛፍ ወደ አዲስ አበባ የመጣው በምኒልክ ዘመን ሲሆን፣ ይህች ተርብ ሳይንሳዊ ስም ያገኘችው ግን በ2004 እ.ኤ.አ. ነው።

ከዚያው ብርጭቆ ኋላዋ ላይ ረጅም መርፌ ያላት ሌላ ተርብም ወጣች። እሷስ?

ብዙ ሰው የሚሳሳተው እዚህ ጋ ነው። እባጭ ማለት ምግብም መጠለያም ስለሆነ ጠላት ይበዛበታል። አንዳንዱ ተርብ በረጅም መርፌው እባጩን ወግቶ እንቁላሉን ውስጥ ይጥላል፤ ጩጬው የባለቤቱን ጩጬ በልቶ ያድጋል። ሜጋስቲግመስ የሚባሉት ክንፋቸው ላይ ጠቆር ያለ ነጠብጣብ አላቸው፤ ሌፕቶሳይቤን የሚያጠቁ ዝርያዎችም አሏቸው። ያየሃት ከነሱ ወገን ልትሆን ትችላለች። ሌሎች ደግሞ አሉ፤ ራሳቸው እባጭ ሳይሠሩ ሌላው በሠራው እባጭ ውስጥ የሚያድጉ። የኦክ እባጮች ውስጥ ያሉት ሲነርገሶች እንዲህ ናቸው። እነሱማ ራሳቸው ሲኒፒድ ስለሆኑ በጣም ያደናግራሉ።

ስለዚህ ከተርቡ አትነሳ። መጀመሪያ ተክሉን ለይ። ከዚያ እባጩ የት እንደበቀለና ቅርጹን። ተርቡ የሚመጣው መጨረሻ ላይ ነው። አሳዳጊ ከሆነው ተክል ጋር ያልተያያዘ መልክ ብቻውን ብዙ አይናገርም።

አንድ ዝርያ ሁለት መልክ አለው የሚባለው እውነት ነው?

እውነት ነው፤ እኔን ከሁሉም በላይ የሚያስደንቀኝ ይሄ ነው። አብዛኞቹ የኦክ ሲኒፒዶች በዓመት ሁለት ትውልድ ያፈራርቃሉ። አንዱ ትውልድ ወንድና ሴት አለው፤ ሌላው ሴት ብቻ ነው። መልካቸውም እባጫቸውም አይገናኝም። ባዮራይዛ ፓሊዳ የሚባለውን የኦክ ሲኒፒድ እንውሰድ። በአውሮፓ የብርድ ወራት መሬት ውስጥ ካለው የዛፉ ሥር እባጭ የምትወጣው ሴት ክንፍ የላትም፤ ላየ ሰው ጉንዳን ትመስላለች። ዛፉን ወጥታ እምቡጡ ውስጥ እንቁላል ትጥላለች። ከዚያ ትልልቅ ለስላሳ እባጭ ያብጣል፤ ከእሱም ወንዶችና ሴቶች ይወጣሉ። ድሮ ሁለቱን ትውልድ ለየብቻ ዝርያ አድርገው ስም ያወጡላቸው ነበር። ጀርመናዊው ሐኪም ኸርማን አድለር ተርቦቹን እያሳደገ ነው ብዙዎቹን ያገናኛቸው፤ ሥራውን በ1881 እ.ኤ.አ. አሳተመ።

ልጄ፣ የብራና መጻሕፍታችን ጥቁር ቀለም ከዚህ እባጭ ነው እንዴ የሚሠራው?

አይደለም አባቴ። የኦክ እባጭን ከብረት ጨው ጋር ቀላቅለው ቀለም ያደረጉት አውሮፓውያንና የመካከለኛው ምሥራቅ ሰዎች ናቸው። የእኛዎቹ ጥቁር ቀለም መሠረቱ ጥላሸት ነው።

ሾላ ስንከፍት ውስጡ የምናያቸውስ?

እነሱ የሾላ ተርቦች ናቸው፣ ሌላ ቤተሰብ። ሴቷ ጥቁርና ባለ ክንፍ ናት፤ ወንዱ ገርጣ ያለና ክንፍ አልባ ነው።

ፎቶ ብልክልዎት ይለዩልኛል?

ወገኑን እሞክራለሁ። ዝርያውን ግን ከአንድ ፎቶ አልልም። ከጎን አንድ፣ ክንፉ ተዘርግቶ አንድ፣ አንቴናው ቀርቦ አንድ አንሳ። እባጩንም በምላጭ ከፍለህ አንሳው። ቅርንጫፉን ስታስቀምጥ ዕቃውን በሻሽ ሸፍነው እንጂ በክዳን አትግጠመው፤ ይሻግታል። የወጣውን ተርብ አልኮል ውስጥ ክተት። የተክሉን ስም፣ ቦታውንና ቀኑን ደግሞ ቁራጭ ወረቀት ላይ በእርሳስ ጽፈህ አብረህ ጨምር፤ እስክሪብቶ አልኮል ውስጥ ይለቃል።