ለማስተርስና ለፒኤችዲ ለምታመለክቱ፦ ሰርተፊኬቱ ይቆይ

"ጋሼ፣ ለዳታ ሳይንስ ማስተርስ ላመለክት ነው፣ የትኛውን ኮርስ ልውሰድ?" በቴሌግራም በብዛት የሚደርሰኝ ጥያቄ ይሄ ነው። ኮርስ ሲሉ የኦንላይን ሰርተፊኬት ማለታቸው ነው። ሲቪያቸውን ስከፍተው ግማሹ ሰርተፊኬት ነው።

ልጆች፣ እሱ ይቆይ። ማመልከቻ የሚያነብ የስታቲስቲክስ መምህር ዓይኑ የሚሮጠው ወደ ትራንስክሪፕታችሁ ነው። ካልኩለስ፣ ሊኒየር አልጀብራ፣ ፕሮባቢሊቲ ላይ ምን አመጣችሁ? ለፒኤችዲ ከሆነ ሪል አናሊሲስ (ካልኩለስን ከነማረጋገጫው የሚያጠናውን ኮርስ) መውሰዳችሁንም ይፈልጋል። ፓይተን በአንድ ክረምት ይለመዳል፣ ፕሩፍ (የሒሳብ ማረጋገጫ) መጻፍ ግን ጊዜ ይፈጃል። ገና ሁለተኛና ሦስተኛ ዓመት ላይ ያላችሁ፣ ጂፒኤዬ ይወርዳል ብላችሁ ከሒሳብ ዲፓርትመንት ኮርሶች አትሽሹ። ከበድ ያለ ኮርስ ላይ የመጣች ቢ ቀላል ኮርስ ላይ ከተለቀመ ኤ ትበልጣለች፣ ቢያንስ እኔ ሳነብ።

ስሙም አያታልላችሁ። "ዳታ ሳይንስ" የተባለው ፕሮግራም አንዱ ጋ ስታቲስቲክስ ክፍል ውስጥ ነው፣ ሌላው ጋ ኮምፒውተር ሳይንስ፣ ሌላው ጋ ቢዝነስ ስኩል። የኮርስ ዝርዝሩን ሳታነቡ አታመልክቱ።

ወደ ገንዘቡ እንምጣ። ብዙዎቻችሁ የማታውቁት ነገር አለ፤ አሜሪካ ውስጥ ከቢኤስሲ በቀጥታ ለፒኤችዲ ማመልከት ይቻላል። የሚገርመው ደግሞ በገንዘብ በኩል የሚሻለው ፒኤችዲው ነው። የስታቲስቲክስ ፒኤችዲ ተማሪ ብዙውን ጊዜ የትምህርት ክፍያ አይከፍልም፣ የማስተማር ወይም የምርምር ረዳት ሆኖ የኪስ ገንዘብም ያገኛል። ማስተርሱ ግን በአብዛኛው በራስ ወጪ ነው፣ ዋጋውም አይቀመስም። ማስተርስ ከሆነ የምትፈልጉት ሌላ ቦታም እዩ። ቤልጂየም ያለው የሃሰልት ዩኒቨርሲቲ የስታቲስቲክስ ማስተርስ ብዙ ኢትዮጵያውያን ያለፉበት ነው። በ2003 እ.ኤ.አ. ደቡብ አፍሪካ ውስጥ የተጀመረው ኤይምስም (የአፍሪካ የሒሳብ ሳይንስ ተቋም) አለ፤ ሴኔጋል፣ ጋና፣ ካሜሩንና ሩዋንዳ ማዕከላት ከፍቷል። የስኮላርሺፕ ነገር በየዓመቱ ስለሚቀያየር አምና የሰማችሁትን ይዛችሁ አትሂዱ፣ ድረ ገጹን ራሳችሁ ክፈቱት።

እኔን በጣም የሚያሳዝነኝ ስቴትመንቱ፣ ማለትም ስለራሳችሁና ስለ ሥራችሁ የምትጽፉት የማመልከቻ ጽሑፍ ነው። "ከልጅነቴ ጀምሮ ለቁጥር ልዩ ፍቅር ነበረኝ" ብሎ የሚጀምር ስንቱን አነበብኩ! ቀጥሎ "የ2016ቱን (እ.ኤ.አ.) ኢዲኤችኤስ ተጠቅሜ በሎጂስቲክ ሪግሬሽን..." ይመጣል። ኢዲኤችኤስ፣ ማለትም የኢትዮጵያ የሥነ ሕዝብና ጤና ጥናት፣ ግሩም ዳታ ነው። ስንቱ ተመርቆበታል፣ እሱም ችግር የለውም። ችግሩ ዳታው እንዴት እንደተሰበሰበ አንድ ቃል አለመጻፋችሁ ነው። ናሙናው የተመረጠው በሁለት ደረጃ ነው፤ መጀመሪያ 645 የቆጠራ ቦታዎች፣ ከዚያ ከእያንዳንዱ 28 ቤተሰብ። አንድ ቀበሌ የሚኖሩ እናቶች ይመሳሰላሉ፣ ያንኑ ጤና ጣቢያ ይሄዳሉ፣ ያንኑ ውሃ ይቀዳሉ፤ ይህን ረስታችሁ እያንዳንዷን ከሌላዋ ጋር ምንም እንደማያገናኛት ከቆጠራችኋት ስታንዳርድ ኤረሩ (ግምታችሁ ምን ያህል ሊዋዥቅ እንደሚችል የሚለካው) ያለ አግባብ ያንሳል፣ ፒ-ቫልዩውም ግኝቱን ከሚገባው በላይ አስተማማኝ አስመስሎ ይሸውዳችኋል። ቦታዎቹስ የተመረጡት ከየት ነው? ለ2007ቱ (እ.ኤ.አ.) የሕዝብ ቆጠራ ከተዘጋጀው ዝርዝር ነው። በዘጠኝ ዓመት ውስጥ የከተማ ዳር ሰፈር ምን ያህል እንደሚለወጥ እናንተ ታውቁታላችሁ። ታዲያ ይሄ ውጤቱን ምን ያደርገዋል? ይህን ጠይቆ ሁለት አንቀጽ የጻፈ ልጅ፣ መልሱን ባያገኘው እንኳ፣ እኔን ከወንበሬ ቀና ያደርገኛል።

የሪከመንዴሽን ደብዳቤ ብዙውን ጊዜ ሦስት ነው የሚጠየቀው። በማዕረጉ ሳይሆን ሥራችሁን በማወቁ ምረጡት። ዲን ከሆነና ስማችሁን ከማያውቅ ሰው ይልቅ ቴሲሳችሁን ያረመው ወጣት ሌክቸረር ይሻላል። "ራስህ ጽፈህ አምጣና እፈርማለሁ" የሚል መምህር እንደማይጠፋ አውቃለሁ። ያኔ ደብዳቤ አትጻፉ፤ ምን እንደሠራችሁ፣ የት እንደተቸገራችሁ፣ እሱ ምን አስተያየት እንደሰጣችሁ በአንድ ገጽ ጻፉለት። በአንድ እጅ የተጻፉ ሦስት ደብዳቤዎች ወዲያው ያስታውቃሉ። ቢቻል ከያሁ ወይም ከጂሜይል ሳይሆን ከዩኒቨርሲቲው ኢሜይል ይላክ።

ወረቀቱን አልዘበዝብም። ቀነ ገደቡ ለፒኤችዲ በአብዛኛው ከዲሴምበር እስከ ጃንዋሪ መጀመሪያ ነው። ትራንስክሪፕት ለማውጣት ኮስት ሼሪንግና ሬጅስትራር ያለውን ጣጣ ታውቁታላችሁ፣ ኅዳር ላይ መሯሯጥ ድስት ጥዶ ማልቀስ ነው። ጂአርኢ (የድኅረ ምረቃ መግቢያ ፈተናው) ብዙ ቦታ ቀርቷል ወይም በፍላጎት ሆኗል፣ አንዳንዱ ግን አሁንም ይጠይቃል። የማመልከቻ ክፍያ ከከበዳችሁ ከመክፈላችሁ በፊት ኢሜይል ጽፋችሁ ይነሳልኝ በሉ፣ የሚያነሱ አሉ።

ከሁለት ቦታ "ተቀብለንሃል፣ ወጪህንም እንችላለን" የሚል መልስ ቢመጣ አትደናገጡ። ብዙዎቹ የአሜሪካ ዩኒቨርሲቲዎች የተስማሙበት ቀን አለ፤ ኤፕሪል 15፣ በእኛ ሚያዝያ 7። እስከዚያ የማሰብ ጊዜ አላችሁ፣ የሚያጣድፋችሁ ካለ በትህትና ቀኑን አስታውሱት። የማትሄዱበትን ግን ወዲያው ልቀቁ፣ ተጠባባቂ ዝርዝር ላይ ሆኖ ኢሜይሉን በየሰዓቱ የሚከፍት ሌላ ልጅ አለ።