ዝላይ የሚሠራው ከመነሻ ጣውላው በፊት ነው
የአንባቢያን ጥያቄና መልስ

በዚህ እትም የምንመልሳቸው ሦስት ደብዳቤዎች ከተለያየ ቦታ ቢመጡም የሚናገሩት ስለ አንድ ጉዳይ ነው፤ በኮሌጅ የአትሌቲክስ ቡድን ውስጥ ዝላይ ስለ ማሠልጠንና ስለ መሠልጠን። የመጀመሪያው ሰፊ ማብራሪያ የሚጠይቅ በመሆኑ አብዛኛውን ቦታ ለእርሱ ሰጥተናል።

ጥያቄ፦ በደብረ ብርሃን አካባቢ ባለ አንድ ኮሌጅ የስፖርት ሳይንስ መምህር ነኝ። በወጣትነቴ 5,000 እና 10,000 ሜትር እሮጥ ነበር። ዘንድሮ የዝላይ ቡድኑን እንዳሠለጥን ተመድቤ ዘጠኝ ተማሪዎች ይዣለሁ። ማለዳ 12 ሰዓት ላይ ከሯጮቹ ጋር ለ40 ደቂቃ ይሮጣሉ፤ በሳምንት ሁለት ቀን ከሰዓት በኋላ ደግሞ እያንዳንዳቸው ከ20 እስከ 25 ጊዜ አሸዋው ላይ ይዘላሉ። ይህን ሁሉ እየሠራን ጥቅምት ላይ 6 ሜትር ከ70 ይዘል የነበረው ልጅ ዛሬ 6 ሜትር ከ40 ማለፍ አቅቶታል፤ ሱሉስ ዝላይ የሚሠሩት ሁለት ልጆች ደግሞ የእግር አገዳቸውን ያማቸዋል። ምን አጎደልኩ? እንደኛ ያለ ደጋ አገርስ ለረጅም ርቀት ሩጫ እንጂ ለዝላይ ይሆናል?

መልስ፦ የተከበሩ መምህር፣ ምን እንደጎደለ ጠየቁኝ፤ እኔ ግን ደብዳቤዎን ደጋግሜ ሳነብ ያገኘሁት የበዛ ሥራ እንጂ የጎደለ ሥራ አይደለም። የተማሪዎ ውጤት በ30 ሴንቲ ሜትር የቀነሰው ተሰጥኦው ጠፍቶ ወይም ልምምዱን ንቆ ሳይሆን እግሩ ደክሞ ነው። ይህን በድፍረት የምናገረው ራሴም ስላጠፋሁት ነው። ዝላይ ማሠልጠን በጀመርኩበት ዓመት እኔም ልጆቹን ከረጅም ርቀት ሯጮች ጋር አስሮጥ ነበር፤ የውድድሩ ቀን ሲደርስ ሁሉም በዓመቱ መጀመሪያ ከዘለሉት ያነሰ ዘለሉ፤ ጥፋቱ የእኔ መሆኑ የገባኝ ደግሞ ከመካከላቸው ሁለቱ ስፖርቱን ከተዉ በኋላ ነበር። እስከ ዛሬ ይቆጨኛል።

አገራችን በኦሊምፒክ ያገኘቻቸው ሜዳሊያዎች በሙሉ የሩጫ ናቸው፤ አብዛኞቹም የረጅም ርቀት ናቸው። ስለዚህ ልምምድ ሲባል በዓይነ ኅሊናችን የሚመጣው በማለዳ ተነሥቶ ብዙ መሮጥ ነው። ለሯጩ ይህ ትክክል ነው። የርዝመት ዝላይን ውጤት ከሁሉ በላይ የሚወስነው ግን አትሌቱ መነሻ ጣውላውን በሚረግጥበት ቅጽበት ያለው ፍጥነት ነው፤ በዓለም ደረጃ የሚወዳደሩት ወንዶች እዚያ የሚደርሱት በሰከንድ ከ10 ሜትር በላይ እየሮጡ ሲሆን፣ የመነሻ እግራቸው መሬት ላይ የሚቆየውም ለ12 መቶኛ ሰከንድ ያህል ብቻ ነው። በፊዚክስ ትምህርት የተወረወረ ነገር በ45 ዲግሪ ሲነሣ እጅግ እንደሚርቅ ተምረናል፤ ዘላይ ግን የሚነሣው በ20 ዲግሪ ገደማ ነው፤ በዚያች ቅጽበት ከዚህ የበለጠ ወደ ላይ ልውጣ ቢል ፍጥነቱን መክፈል አለበትና። በዝግታ 40 ደቂቃ የሚሮጥ እግር ለዚህ ዓይነቱ ፈጣን አረጋገጥ አይሠለጥንም፤ ይባስ ብሎም ለፍጥነት ልምምዱ የሚያስፈልገውን ትኩስነት ያጣል።

ስለዚህ የማለዳውን ሩጫ ለዘላዮቹ ያስቀሩላቸው። የደብረ ብርሃንን ብርድ ያውቁታል፤ በ12 ሰዓት ቋንጃው ሳይሞቅ በሙሉ ፍጥነት የሚሮጥ ልጅ ለጉዳት የተጋለጠ ነው። ልምምዱን ፀሐይ ሜዳውን ካሞቀችው በኋላ፣ ከቀኑ 9 ወይም 10 ሰዓት ላይ ቢያደርጉት፣ ለሰውነት ማሟሟቂያም ከግማሽ ሰዓት ያላነሰ ቢመድቡ መልካም ነው። ሰኞ ከ20 እስከ 40 ሜትር ባለው ርቀት በሙሉ ፍጥነት ጥቂት ጊዜ ይሩጡ፤ በየመካከሉም ለየ10 ሜትሩ አንድ ደቂቃ ያህል ይረፉ። ይህ ዕረፍት ለእርስዎ እንደ ስንፍና ይታይዎት ይሆናል፤ ነገር ግን ሳያርፉ የሚደጋገም ፍጥነት ወደ ጽናት ልምምድ ይለወጣል። ከዚያ በስድስት ወይም በስምንት እርምጃ ብቻ እየተንደረደሩ ስምንት ያህል ጊዜ ይዝለሉ። ሙሉውን መንደርደር ለሐሙስ ያቆዩት፤ እርሱንም መጀመሪያ ሳይዘሉ አራት አምስት ጊዜ ሮጠው ይለኩ፤ ቀጥሎ ሦስት ወይም አራት ሙሉ ዝላይ ይበቃል። በእነዚህ ቀናት መካከል የክብደት ልምምድና ቀላል እንቅስቃሴ ያስገቡ፤ እሑድን ይረፉ። ክብደት ማንሻ ከሌለ አጭር ዳገት በፍጥነት መውጣት ብዙ ይጠቅማል። ሰዓት መቁጠሪያዎንም ከእጅዎ አይለዩ፤ የ30 ሜትር ሰዓቱ ሁለት ጊዜ ተከታትሎ ከዘገየ፣ በዕቅዱ ላይ የቀረ ሥራ ቢኖርም የዚያ ቀን ልምምድ አብቅቷል።

አንድ ተጨማሪ ነገር ስለ አረጋገጡ ልበል። ከመጨረሻው አስቀድማ ያለችው እርምጃ በጥቂቱ ረዘም ትላለች፤ ዳሌም በእርሷ ላይ ዝቅ ይላል፤ የመጨረሻዋ አጠር ብላ ፈጥና ትረገጣለች። ብዙ አሠልጣኞች ይህን በቃል ሊያስተምሩ ሲሞክሩ አያለሁ፤ ልጁም "ዳሌህን ዝቅ አድርግ" ሲባል ይቀመጥና ፍጥነቱን ይገድላል። በእኔ አስተያየት በአጭር መንደርደር ደጋግሞ እየዘለለ እግሩ ራሱ እንዲማረው መተዉ ይሻላል።

የሱሉስ ዝላይ ልጆችዎን ሕመም በቀላሉ አይዩት። በሱሉስ ዝላይ አትሌቱ መጀመሪያ በተነሣበት እግር ራሱ ያርፋል፤ ቀጥሎ በሌላው እግር አርፎ ወደ አሸዋው ይዘላል፤ በእነዚህ ሁለት ማረፊያዎች አንድ እግር የሚሸከመው ኃይል ከሰውነቱ ክብደት ከአሥር እጥፍ በላይ ሊደርስ ይችላል። በሳምንት ሁለት ቀን 25 ጊዜ በሙሉ ኃይል ሲዘሉ ምን ያህል ጭነት እንደሚጠራቀም ያስቡት። የነጠላ እግር ዝላዮቹን ከጠንካራው መሬት አንሥተው ወደ ሣር ያዛውሩ፤ በአንድ ቀን እግር መሬት የሚነካበትን ጊዜ ይቁጠሩ፤ ለጀማሪ ከ60 ባይበልጥ እመርጣለሁ። አሁን ግን ሁለቱ ልጆች ዝላዩን ፈጽመው ያቁሙ። ሕመሙ በአንድ ነጥብ ላይ አጥንቱን ሲነኩት የሚሰማ ከሆነ የአጥንት መሰንጠቅ ሊሆን ስለሚችል ሐኪም ሳያያቸው ወደ ልምምድ አይመልሷቸው። ሲመለሱ ደግሞ የመጀመሪያውን ዝላይ ዝቅ አድርገው ወደ ፊት እንዲገፉት ያስተምሯቸው፤ ጀማሪ ብዙ ጊዜ እርሱን ከፍ አድርጎ ይዘልና ሁለተኛው ዝላይ አጥሮ ይቀርበታል።

ስለ ከፍታው የጠየቁት እጅግ ደስ አሰኝቶኛል፤ መልሱ ከሚያስቡት ተቃራኒ ነውና። እ.ኤ.አ. በ1968 ኦሊምፒክ የተካሄደባት ሜክሲኮ ሲቲ ከባሕር ጠለል በላይ 2,240 ሜትር ላይ ትገኛለች፤ ደብረ ብርሃን ከእርሷ ትበልጣለች። በዚያ ኦሊምፒክ የወንዶች ሱሉስ ዝላይ የዓለም ክብረ ወሰን አምስት ጊዜ ተሻሽሏል፤ በርዝመት ዝላይም አሜሪካዊው ቦብ ቢሞን 8 ሜትር ከ90 ዘልሎ የቀድሞውን ክብረ ወሰን በአንድ ጊዜ በ55 ሴንቲ ሜትር አሻሻለ፤ ዳኞቹ ያዘጋጁት መለኪያ መሣሪያ እስከዚያ ስላልደረሰም በብረት ሜትር ለኩት። የሳሳ አየር የረጅም ርቀት ሯጭን ትንፋሽ ቢያሳጥርም፣ በሙሉ ፍጥነት ለጥቂት ሰከንዶች የሚሮጥን ሰው የሚቋቋምበት ኃይል ያነሰ ነው። ሆኖም ሁሉም ነገር ከአየሩ የመጣ አይደለም፤ በዚያው አየር ሁለተኛ የወጣው አትሌት 8 ሜትር ከ19 ነበር የዘለለው። ከፍታው ተማሪዎችዎን በጥቂቱ ይረዳቸው እንደሆነ እንጂ አይከለክላቸውም።

ጥያቄ፦ ሐዋሳ ውስጥ የሁለተኛ ዓመት ተማሪ ነኝ፤ ለኮሌጄ ርዝመት እዘላለሁ። በውድድር ከሦስት ሙከራ ሁለቱ ፋውል ይሆኑብኛል። አሠልጣኜ "ጣውላውን እያየሽ ሩጪ" ይለኛል፤ እያየሁ ስሮጥ ግን ይብስብኛል። ምን ላድርግ?

መልስ፦ እኅቴ፣ ፋውሉ የሚታየው ጣውላው ላይ ቢሆንም የሚወለደው በመጀመሪያዎቹ ሦስት እርምጃዎች ነው። አንድ ቀን ቆመሽ፣ ሌላ ቀን እየተራመድሽ የምትነሺ ከሆነ፣ ወይም የመጀመሪያውን እርምጃ ውድድር ላይ በስሜት ተገፋፍተሽ ከልምምዱ ይልቅ የምታስረዝሚው ከሆነ፣ ስሕተቱ በየእርምጃው እየተደመረ ይሄዳል። በመልካም ዘላዮች ላይ የተደረጉ ጥናቶች እንዳሳዩት ይህ ልዩነት እስከ መጨረሻዎቹ አምስት እርምጃዎች ገደማ ድረስ ይጠራቀማል፤ ከዚያ በኋላ ዓይን ሳይታዘዝ ራሱ ያርመዋል። አሠልጣኝሽ ዓይን ይጠቅማል ማለታቸው ስሕተት የለውም፤ ነገር ግን ገና ከመነሻሽ ጀምሮ ጣውላው ላይ ካፈጠጥሽ እርምጃሽን መቆራረጥ ትጀምሪያለሽ፤ ፍጥነትሽም በሚያስፈልግሽ ሰዓት ይጠፋል።

መንደርደሪያሽን ከጣውላው ርቀሽ በሩጫ መሙ ላይ ለኪው። በ14 ወይም በ16 እርምጃ በሙሉ ፍጥነት ሩጪ፤ ጓደኛሽም የመጨረሻው እርምጃ ያረፈበትን ቦታ ምልክት ታድርግበት። ይህንኑ በተለያዩ ቀናት ደጋግመሽ ምልክቶቹ የሚበዙበትን ቦታ ውሰጂና ርቀቱን በሜትር ለክተሽ ወደ ዝላዩ ሜዳ አምጪው። አሠልጣኝሽ ደግሞ ከጣውላው አራት እርምጃ ቀደም ብሎ ለራሳቸው ብቻ የሚሆን ምልክት ያኑሩ፤ እዚያ ላይ ያለፍሽበትን ቦታ አይተው መነሻሽን ወደ ኋላ ወይም ወደ ፊት ያዛውሩልሻል። ነፋስ ከኋላሽ ሲነፍስ እርምጃሽ ይረዝማልና መነሻሽን በአንድ ጫማ ያህል ወደ ኋላ መልሺው፤ ከፊትሽ ሲመጣ ወደ ጣውላው አቅርቢው።

ሕጉንም እወቂው። ጣውላው 20 ሴንቲ ሜትር ስፋት አለው፤ ዝላይሽ የሚለካውም ከእርሱ የፊት ጠርዝ ነው። እ.ኤ.አ. ከ2021 መጨረሻ ጀምሮ ደግሞ ጫማሽ ከፊት ለፊቱ ባለው ፕላስቲሲን (ሲነካ አሻራ የሚይዝ ለስላሳ ነገር) ላይ አሻራ ባይተውም፣ ጫፉ የጠርዙን መስመር በአየር ላይ ካለፈ ፋውል ነው። ከጠርዙ 10 ሴንቲ ሜትር ወደ ኋላ ቀርተሽ ብትነሺ የምታጪው ያንኑ 10 ሴንቲ ሜትር ብቻ ሲሆን ፋውል ግን ሙከራውን በሙሉ ይወስድብሻል። ከላይ ያነሣሁት ቢሞን በሜክሲኮ ማጣሪያ የመጀመሪያዎቹን ሁለት ሙከራዎች በፋውል አጥቶ ነበር፤ በሦስተኛው ቢሳሳት ኖሮ ፍጻሜውን ከመመልከቻው ቁጭ ብሎ ያይ ነበር። ያዳነው ራሱ ተወዳዳሪው የነበረው ራልፍ ቦስተን ነው፤ ከጣውላው በደንብ ቀደም ብለህ ተነሣ ብሎ መከረው፤ እርሱም እንደዚያው አድርጎ አለፈ። አንቺም የመጀመሪያ ሙከራሽን በዚህ መንፈስ ዝለዪ፤ ውጤት ከተመዘገበልሽ በኋላ መነሻሽን ማቀራረብ ትችያለሽ።

ጥያቄ፦ የምኖረው በሜሪላንድ ሲልቨር ስፕሪንግ ነው። ልጄ ዘንድሮ ኮሌጅ ገብታ ለትምህርት ቤቱ ከፍታ ትዘላለች። ሃይ ስኩል እያለች በየቀኑ ትዘል ነበር፤ የአሁኑ አሠልጣኝ ግን በዘንጉ ላይ የሚያዘልላት በሳምንት ሁለት ቀን፣ ያውም ጥቂት ጊዜ ነው። ሌላውን ቀን ዘንግ በሌለበት ክብ እየዞረች ትሮጣለች፤ በስልክም ይቀርጻታል። ልጄ ተከፍታለች። ችላ ብሏት ይሆን?

መልስ፦ እናቴ፣ በጻፉልኝ ልክ ከሆነ አሠልጣኙ ሥራውን የሚያውቅ ሰው ይመስለኛል። ከፍታ ዘላይ የመጀመሪያዎቹን እርምጃዎች ቀጥ ብላ፣ የመጨረሻዎቹን አራት ወይም አምስት ደግሞ በክብ መስመር ትሮጣለች። በክቡ ላይ ሰውነቷ ወደ ውስጥ ያጋድላል፤ ስትነሣ ያ መጋደል ቀና ሲል ጀርባዋን ወደ ዘንጉ የሚያዞራትን ኃይል ያገኛል። ክብ እየዞሩ መሮጥ እንግዲህ የዝላዩ ዋና ትምህርት ነው። ሰዓቱም ቢሆን በእጁ ብቻ አይደለም፤ የአሜሪካ ኮሌጆች ስፖርት ማኅበር በከፍተኛው ምድብ ያሉ ተማሪዎች በውድድር ወቅት በሳምንት ከ20 ሰዓት በላይ፣ በቀን ከ4 ሰዓት በላይ እንዳይሠለጥኑ ይከለክላል፤ አንድ ቀንም እንዲያርፉ ያዝዛል።

ቀረጻውም ቢሆን ቁም ነገር አለው። ዛሬ ልጅዎ በጀርባዋ ዘንጉን የምታልፍበትን አዘላለል ለዓለም ያስተዋወቀው ዲክ ፎስበሪ የኦሪገን ስቴት ዩኒቨርሲቲ ተማሪ ነበር። አሠልጣኙ በርኒ ዋግነር መጀመሪያ የቀድሞውን አዘላለል እንዲለማመድ ገፋፍቶት ነበር፤ የልጁን ዝላይ በጥሞና ካየ በኋላ ግን ሐሳቡን ለውጦ ተወለት፤ ፎስበሪም በ1968 ሜክሲኮ ላይ 2 ሜትር ከ24 ዘልሎ ወርቅ አገኘ። የልጅዎ አሠልጣኝ የቀረጸውን አብሯት እየተመለከተ የሚያስረዳት ከሆነ ይታገሡት። ቀርጾ ዝም የሚል ከሆነ ግን ልጅዎ ራሷ ሄዳ "አብረን እንየው" ብትለው ተገቢ ነው፤ አሥራ ስምንት ዓመት የሞላት ልጅ ይህን በራሷ አንደበት መጠየቅ ትችላለች። እርስዎም ውድድር ለማየት ሲሄዱ ከዘንጉ በፊት እግሮቿን ይመልከቱ፤ የመጨረሻዎቹ ሦስት እርምጃዎች ከቀደሙት እየፈጠኑ ከመጡ፣ ዘንጉ ቢወድቅባትም እንኳ ልምምዱ እየሠራ ነው።