ከሞተ ዴስክቶፕ ማራገቢያ ይወጣል

አቦ ወንድሜ፣ «ማዘርቦርዱ (ዋናው ሰሌዳው) የተቃጠለ ዴስክቶፕ አለኝ፣ እዚህ ድሬዳዋ ሳቢያን ሰፈር ሙቀቱ አላስተኛን አለ፣ ከሱ ርካሽ ማራገቢያ ይሠራል?» ላልከው፣ በደንብ ይሠራል። ለቆራሌው ከመስጠትህ በፊት ፓወር ሰፕላዩን (ለኮምፒውተሩ ኤሌክትሪክ የሚያድለውን ሳጥን) እና ፋኖቹን (ትንንሾቹን ማራገቢያዎች) አውጣ። ሌላውን ቢወስደው ግድ የለም።

ፓወር ሰፕላዩ ያለ ማዘርቦርድም ይነሣል። ከግድግዳ ነቅለኸው፣ ማዘርቦርዱ ላይ ይሰካ የነበረው የራሱ ትልቁ ሶኬት ላይ ያለችውን አንዲት አረንጓዴ ሽቦ ከአንዱ ጥቁር ጋር በቁራጭ ሽቦ አገናኝና ሰካው። ቢጫው 12 ቮልት፣ ቀዩ 5 ቮልት ነው፤ ጥቁሩ ኔጌቲቭ። ባለ 3 ሽቦ ፋን ከሆነ የፋኑን ቀይ ከፓወር ሰፕላዩ ቢጫ፣ ጥቁሩን ከጥቁር አገናኝ። የፋኑ የራሱ ቢጫ የፍጥነት ምልክት ብቻ ስለሆነ ተወው። ተነሥቶ ወዲያው ከጠፋብህ ደግሞ ጭነት (ኃይል የሚወስድ ዕቃ) አንሶት ሊሆን ይችላል፤ አንዳንድ አሮጌዎች እንዲህ ናቸው። አሮጌ ሃርድ ዲስክ ሰካበት።

ፋኖቹን በእንጨት ፍሬም ደርድረህ መስኮት ላይ እሰራቸው። ማታ የውጭውን አየር ያስገቡልሃል፤ በቀን ግን አጥፋው፣ በድሬ ፀሐይ የሚያስገባልህ እሳት ነው። የፓወር ሰፕላዩን ሳጥን ፈጽሞ እንዳትከፍት፤ ከተነቀለ በኋላም ካፓሲተሮቹ (ኤሌክትሪክ የሚያጠራቅሙት) ውስጥ ኃይለኛ ኤሌክትሪክ ይቆያል።

መብራት ሲጠፋ ያለ ፓወር ሰፕላዩም ይሆናል። የባጃጅ ባትሪ 12 ቮልት ስለሆነ ፋኑን በቀጥታ ያዞረዋል፣ መሀል ላይ ትንሽ ፊውዝ ብቻ አስገባ።