ያለ ክስ እስከ መቼ ያቆዩታል?

እህቴ አይዞሽ። ወንድምሽ ዓርብ ማታ በስርቆት ተጠርጥሮ ተይዟል፤ ጣቢያ ስትሄጂ «ምርመራው አላለቀም» አሉሽ፤ ያለ ክስ እስከ መቼ ሊያቆዩት ይችላሉ ነው ጥያቄሽ። የእህቴ ልጅም በሚሠራበት ቦታ ዕቃ ጠፍቶ ታስሮ ስለነበር ያኔ ያወቅሁትን ልንገርሽ።

መጀመሪያ 48 ሰዓት። ሕገ መንግሥቱ በአንቀጽ 19 የተያዘ ሰው በዚህ ጊዜ ውስጥ ፍርድ ቤት ይቅረብ ይላል። የማይቆጠረው ከተያዘበት ቦታ ፍርድ ቤት እስኪደርስ የሚወስደው የመንገድ ጊዜ ነው። ቅዳሜና እሁድ አይቆጠሩም አላለም። የተያዘበትን ሰዓት አሁኑኑ ጻፊ፤ ሲያዝ ያዩ ሰዎች ካሉም ስልካቸውን ያዢ። ሰዓቱ አልፎ ካላቀረቡት፣ አካሉ ነፃ እንዲወጣ ለፍርድ ቤት ማመልከት መብቱ ነው።

ብዙ ሰው 48 ሰዓቷን ብቻ ያውቅና ከዚያ በኋላ ግራ ይገባዋል። ዋናው ትግል ግን ጊዜ ቀጠሮ ላይ ነው፤ ማለትም ፖሊስ ምርመራውን እስኪጨርስ ተጠርጣሪው ታስሮ እንዲቆይ ከፍርድ ቤት የሚጠይቀው ጊዜ ላይ። በ1954 ዓ.ም. የወጣው የወንጀለኛ መቅጫ ሕግ ሥነ ሥርዓት፣ አንቀጽ 59፣ በአንድ ቀጠሮ ከ14 ቀን በላይ አይሰጥም ይላል። ስንት ጊዜ መደጋገም እንደሚቻል ግን አልገደበም። አንዱ 14 ሲያልቅ ሌላ 14 ይጠየቃል። ለእኔ የዚህ ሕግ ትልቁ ጉድለት ይኼ ነው። አሁን የተሻረው የፀረ ሽብር አዋጅ 652/2001 እንኳ፣ ያ ሁሉ ወቀሳ የቀረበበት፣ ጠቅላላው የምርመራ ጊዜ ከ4 ወር አይብለጥ ብሎ ነበር!

ቢሆንም 14 ቀን ጣሪያ ነው እንጂ ፖሊስ ስለጠየቀ ብቻ አይሰጥም። ሕገ መንግሥቱ ለምርመራው የግድ የሚያስፈልገውን ያህል ብቻ ነው የፈቀደው። በእኛ ልጅ የመጀመሪያ ቀጠሮ መርማሪው «የምስክር ቃል ይቀረኛል» አለ፤ ጊዜ ተሰጠው። በሁለተኛውም ያንኑ ደገመ። ጠበቃችን ተነስቶ «ባለፈው በተሰጠው ጊዜ የማንን ቃል ተቀበሉ?» አለ። ዳኛዋ መርማሪውን ጠየቁት፤ አጥጋቢ መልስ አልነበረውም። በዚያው ቀን ዋስትና ተፈቀደ። እናንተም በየቀጠሮው ፖሊስ የሰጠውን ምክንያት ጻፉ። ወንድምሽም ፈርቶ ዝም እንዳይል፤ ምን እንደተሠራና ምን እንደቀረ ይጠየቅልኝ ይበል።

ዋስትናን ከመጀመሪያው ቀን ጀምሮ ጠይቁ። የሰው ሕይወት የሌለበት ተራ ስርቆት በሕግ ዋስትና የሚከለከልበት አይደለም። ፖሊስ የሚቃወመው ብዙውን ጊዜ በዚያው በሥነ ሥርዓት ሕጉ አንቀጽ 67 ነው፤ ይጠፋል፣ ምስክር ያባብላል፣ ሌላ ወንጀል ይሠራል ብሎ። ስለዚህ ቋሚ አድራሻውን የሚያሳይ መታወቂያ፣ ሥራ ካለውም የመሥሪያ ቤት ደብዳቤ ይዛችሁ ቅረቡ። ከተከለከለ በ20 ቀን ውስጥ ይግባኝ አለው።

ጠበቃ መያዝ ካቃታችሁ የዩኒቨርሲቲ ሕግ ትምህርት ቤቶች ነፃ የሕግ ድጋፍ ይሰጣሉ። ቤተሰብም ጠበቃም እንዲጎበኘው የሕገ መንግሥቱ አንቀጽ 21 ይፈቅዳል፤ «አይቻልም» ካሉሽ ለዳኛው ንገሪ። የት ከተማ እንደሆነ እዚህ ጻፊልን፤ በአካባቢው ጠበቃ የሚያውቅ ሰው አይጠፋም።