በደረሰኝ የገዛሁት የቅዱስ ሥዕል ሊወሰድብኝ ይችላል?

ጥያቄ፦ የምኖረው ኒው ዮርክ ነው። ከአንድ የሟች ቤት ዕቃ ሽያጭ ላይ የቆየ የቅዱስ ሥዕል በደረሰኝ ገዛሁ። ጀርባው ላይ በጀርመንኛ የተጻፈ የሐራጅ ቤት ወረቀት ከነቁጥሩ ተለጥፏል። ጓደኛዬ በናዚ ዘመን ከአይሁዶች የተወሰደ እንዳይሆን ብሎ አስፈራራኝ። በቅን ልቦና ገዝቼው ሊወሰድብኝ ይችላል? ልሸጠው አስቤ ነበር።

መልስ፦ ሽያጩን ለጊዜው ያቁሙት። ደረሰኙ እርስዎ መግዛትዎን ያስረዳል እንጂ ሻጩ ባለቤት እንደነበረ አያስረዳም። በኒው ዮርክ ሕግ የተሰረቀ ንብረት በስንት እጅ ቢያልፍ፣ የመጨረሻው ገዢ ቅን ስለሆነ ብቻ ባለቤት አይሆንም። ይርጋውም (ክስ የማቅረቢያው የጊዜ ገደብ) ቢሆን የሚቆጠረው ባለቤቱ «መልስልኝ» ብሎ እርስዎ እምቢ ካሉበት ቀን ጀምሮ 3 ዓመት ነው። በናዚ ስደት ለጠፉ የጥበብ ሥራዎች ደግሞ እ.ኤ.አ. በ2016 የወጣው የፌዴራል ሕግ ወራሾች ሥዕሉ የት እንዳለና መብታቸውን ካወቁ በኋላ 6 ዓመት ይሰጣቸዋል።

«በሐራጅ ከተሸጠ ምኑ ተሰረቀ?» ይሉኝ ይሆናል። ማክስ ስተርን የዱሰልዶርፍ አይሁዳዊ የሥዕል ነጋዴ ነበር። ናዚዎች ከሙያው አግደው ጋለሪውን እንዲዘጋ አስገደዱት፤ ሥዕሎቹም በ1937 ኮሎኝ ውስጥ ሌምፐርትስ በተባለ ሐራጅ ቤት ተሸጡ። ካታሎግም ተጫራችም ነበረው። ስተርን ግን ገንዘቡን እጁ አላስገባም። ከዚያ ሐራጅ የተገዛ አንድ ሥዕል ከ70 ዓመት ገደማ በኋላ በገዢው የእንጀራ ልጅ እጅ ሮድ አይላንድ ውስጥ ሲገኝ፣ ፍርድ ቤቱ ሽያጩን ከንጥቂያ ለይቶ አላየውም፤ በ2008 የፌዴራል ይግባኝ ፍርድ ቤቱም አጸናው።

ለእርስዎ ይበልጥ የሚቀርበው ግን የሉዶቪኮ ካራቺ «ቅዱስ ጀሮም» ነው። ካራቺ ባሮክ ለተባለው የ17ኛው ክፍለ ዘመን የአውሮፓ የሥዕል ስልት መንገድ ከጠረጉት የጣሊያኗ ቦሎኛ ሠዓሊዎች አንዱ ነው። ይህም ሥዕል በ1937ቱ ሐራጅ ከተሸጡት ነበር። ሪቻርድ ፌይገን የተባለ የኒው ዮርክ ነጋዴ በ2000 የገዛው ከዚያው ከሌምፐርትስ ነው! ታሪኩን ሲረዳ በ2009 ለስተርን ውርስ አስረከበ። ስተርን ልጅ ስላልነበረው ዛሬ የውርሱ ተጠቃሚዎች በሞንትሪያልና በኢየሩሳሌም ያሉ ዩኒቨርሲቲዎች ናቸው። ፌይገን ያደረገውን ከልቤ አከብራለሁ፤ ቀላል ኪሳራ አይደለም።

የጀርመን ወረቀት ስላለበት ብቻ የእርስዎ ሥዕል የተዘረፈ ነው ማለት አይደለም። ናዚዎች ሥልጣን ከያዙበት ከ1933 በፊት የተደረገ ተራ ሽያጭ ሊሆን ይችላል። ዋናው ቀኑ ነው። ስለዚህ ወረቀቱን እንዳይልጡት፣ ሥዕሉንም እንዳያጸዱት አደራ። ጀርባውን፣ ማህተምና የእርሳስ ጽሑፍ ካለም ሁሉንም በቅርብ ፎቶ ያንሱ። ቁጥሩን ሃይደልበርግ ዩኒቨርሲቲ በኢንተርኔት ካስቀመጣቸው የድሮ ሐራጅ ካታሎጎች ጋር ያመሳክሩ፤ የተሰረቁ ሥዕሎችን የሚመዘግበውን አርት ሎስ ሬጂስተርንም ይጠይቁ። የተዘረፈ መሆኑን እያወቁ ደብቀው ቢሸጡት ነገሩ ከፍትሐ ብሔር አልፎ ወደ ወንጀል ይሄዳል።

ወራሽ ቀርቦ ቢረታዎት እንኳ ሻጩን መጠየቅ ይችሉ ይሆናል፤ ሕጉ በመደበኛው የሚሸጥ ሰው ለባለቤትነቱ ዋስ እንዲሆን ያደርጋል፤ የሟች ንብረት አጣሪ ሲሸጥ ግን ይህ ላይሠራ ይችላል። ይህ መብት ግን በመደበኛው ሥዕሉን ከተረከቡ በ4 ዓመት ይርጋ ይዘጋል፤ የደረሰኙን ቀን ዛሬውኑ ይመልከቱ።