ኮንቴይነራችሁ ሲያዝ ብቻ አትደውሉ

ይህን የምጽፈው ከውጭ መጥታችሁ ደሴ ወይ ኮምቦልቻ ላይ ሥራ ለመጀመር ለምታስቡ ነው። እኔም ብዙ ዓመት ውጭ ኖሬ ነው የተመለስኩት። ከኋላዬ የመጡ ብዙ ጎበዞች በማይሆን ነገር ሲደናቀፉ አይቻለሁ። ልቆጣ እችላለሁና ቻሉኝ።

1. ወረቀት። ቢጫ ካርድ (የውጭ ዜግነት ላለው ትውልደ ኢትዮጵያዊ የሚሰጠው መታወቂያ)፣ ንግድ ፈቃድ፣ የግብር ከፋይ መለያ ቁጥር። ያደክማል፣ ግን ያልቃል።

2. ቢዝነስ ካርድ። ሆቴል ውስጥ ስብሰባ ይጠራል። ከውጭ የመጣው ሰው በሻይ ሰዓት ለአዳራሹ ሁሉ ካርድ ያድላል፤ የአንዱንም ስም አይዝም። እያናገራችሁት እንኳ ዓይኑ በር በሩን ነው፣ ባለሥልጣን ይገባ እንደሆነ ያያል። ጥግ የተቀመጠውን ትራንዚተር፣ የጉምሩክ ጉዳይ የሚያስፈጽመውን ሰው፣ ዞር ብሎ የሚያየው የለም። ኮምቦልቻ እኮ ደረቅ ወደብ ያለባት ከተማ ናት! ዕቃችሁ ከጅቡቲ ሲመጣ የቱ ሰነድ እንደጎደለ የሚነግራችሁ እሱ ነው። ማሽን የሚፈታ የሚገጥም ልጅ ስትፈልጉም የኮምቦልቻውን የቴክኖሎጂ ኢንስቲትዩት መምህር ነው ማወቅ ያለባችሁ።

3. መደወል። ደሜን የሚያፈላው ይሄ ነው። ድምፃችሁ ጠፍቶ ይከርምና ኮንቴይነር የተያዘ ዕለት «ወንድሜ፣ ምነው ጠፋህ» ብላችሁ ትደውላላችሁ። የጠፋው ማን ሆኖ! ሰው የማያውቅ መሰላችሁ? ቁጥራችሁን ሲያይ ገና ስልኩን ሳያነሳ «ደግሞ ምን ፈልጎ ነው» ይላል፤ አጠገቡ ቁጭ ብዬ ሰምቻለሁ።

ሰኞ ገበያ የማውቃቸው አንድ ጨርቅ ነጋዴ ሐጂ አሉ። በ2014 ጦርነቱ ደሴ ሲገባ ሱቃቸው ተዘርፎ ባዶ ቀረ። ስልክ ሲመለስ ውጭ የሚኖር አንድ ደንበኛቸው ደወለላቸው። ስለ ሸቀጥ አንዲት ቃል አላነሳም፤ ልጆቻቸውን በየስማቸው እየጠራ ደህና መሆናቸውን ጠየቀ። ኋላ ይኸው ሰው ኮምቦልቻ ላይ መጋዘን ሲያጣ፣ ሐጂ ራሳቸው በሐረጎ ቁልቁለት ኮምቦልቻ ወርደው ባለመጋዘኑ ደጅ ቁጭ አሉ። «የኔ ሰው ነው፣ ተጠያቂው እኔ ነኝ» አሉት። ደንበኛቸው ያለ ቅድመ ክፍያ ቁልፉን ተቀበለ። ይህን የትኛው ካርድ ያመጣዋል?

ስለዚህ ምንም ሳትፈልጉ ደውሉ። ነጋዴው የማሽን ዋጋ አጣሩልኝ ካላችሁ በሳምንቱ አጣርታችሁ ላኩለት። ለእናንተ ሁለት ስልክ መደወል ነው፣ ለእሱ ግን ትልቅ ነገር ነው። ለቅሶ ካለ ድንኳን ገብታችሁ ተቀመጡ፣ እስላም ክርስቲያን ሳትሉ። ቅሬ፣ የሰፈሩ እድር ማለት ነው፣ ግቡ፤ እዚህ በሌላችሁበት ጊዜም መዋጮውን ክፈሉ። «የአክስቴ ልጅ ይከታተልልኛል» አትበሉኝ! ሰዉ የሚያውቀው የአክስታችሁን ልጅ ነው እንጂ እናንተን አይደለም፤ እሱ አረብ አገር የሄደ ቀን ትውውቁም አብሮት ይሄዳል። ከሰው ያገናኛችሁን ሰው ደግሞ ጉዳዩ የት እንደደረሰ ተመልሳችሁ ንገሩት። ስሙን አስይዞላችኋል። ያገናኛችሁን ሰውዬ ብታስቀይሙት እናንተ ትሄዳላችሁ፣ እሱ ግን ከዚያ ሰው ጋር በየቀኑ እየተያየ ነው የሚኖረው።

4. ቀጠሮ። ዓርብ ቀትር ላይ አትያዙ፣ ነጋዴው ጁምዓ ነው። በረመዳን ደግሞ ምሳ እንብላ እያላችሁ አትጋብዙ፤ ካፈጠረ በኋላ ሂዱና ቤቱ ጠይቁት።