እግሩ ያው ነው፣ ጊዜው ነው ያጠረው

የአንባቢያን ጥያቄና መልስ

ወደ እንግሊዝ ስለሚዛወሩ የውጭ ተጫዋቾች ከደረሱን ጥያቄዎች ስድስቱን መርጠናል። ዓመተ ምሕረቱና ወራቱ ሁሉ እንደ ፈረንጆቹ አቆጣጠር ነው።

ጥያቄ፦ በስፔን ወይም በጣሊያን ሜዳውን ሲያንቀጠቅጥ የነበረ ተጫዋች እንግሊዝ ሲገባ ለምን ይደነዝዛል? እኛ ዲኤስቲቪ የምናይበት ቤት ሁሉም ‹‹ብርዱ ነው›› ይላል። (ከደሴ)

መልስ፦ ብርዱማ ገና አልመጣም! ብዙዎቹ የሚቸገሩት በኦገስትና በሴፕቴምበር፣ ጃኬት ሳይለበስ ነው። ቴሪ ሄንሪ በኦገስት 1999 ከጁቬንቱስ ወደ አርሰናል ሲመጣ በመጀመሪያዎቹ 8 ጨዋታዎች ጎል አላገባም። ከእሱ በፊት፣ በ1995 ከኢንተር የመጣው ዴኒስ ቤርካምፕም 7 ጨዋታ ባዶ እጁን ወጥቷል። ሁለቱም የመጀመሪያ ጎላቸውን ያገኙት ሳውዝሃምፕተን ላይ ነው፤ ደግ ቡድን ነበር።

የሚለወጠው ኳሱን ይዞ ለማሰብ የሚሰጠው ጊዜ ነው። አንድ አማካይ ከመሐል ተከላካዩ 15 ሜትር የምትሆን ቅብብል ሲጠብቅ እናስብ። ጣሊያን ውስጥ ብዙ ጊዜ ተጋጣሚው ወደ ኋላ ሸሸት ብሎ ቦታውን ይጠብቃል፤ ተጫዋቹም ኳሷን በጫማው ስር አስቁሞ፣ ቀና ብሎ አይቶ፣ ከዚያ ይወስናል። እንግሊዝ ውስጥ ተጋጣሚው ከኳሷ ጋር እኩል ነው የሚደርሰው። አስቁሞ ቀና ያለ ሰው ጀርባው ላይ ሰው ያገኛል። ስለዚህ አስቀድሞ ሁለት ጊዜ መቃኘት አለበት፦ አንዴ ኳሷ ገና አቀባዩ እግር ላይ ሳለች፣ ሌላው በመንገድ ላይ ሳለች። ከዚያ ትከሻውን ከፈት አድርጎ፣ ከተጋጣሚው ራቅ ባለው እግሩ፣ በመጀመሪያው ንክኪ ኳሷን ከግፊያው አውጥቶ መሄድ ነው። ንክኪው አንድ ሜትር ካመለጠው ሌላ ቦታ ኳሷ አሁንም የእሱ ናት፤ እዚህ ግን የፍልሚያ ኳስ ሆነች ማለት ነው።

ሁለተኛው ልዩነት የዳኛው ፊሽካ ነው። የእንግሊዝ ዳኞች ትከሻ ለትከሻ ግፊያን ከሌሎቹ ይልቅ ያሳልፋሉ። አዲሱ ተጫዋች ተገፍቶ ሲወድቅ እጁን ዘርግቶ ዳኛውን ያያል፤ እሱ ዳኛውን ሲያይ ተጋጣሚው መልሶ ማጥቃት ጀምሯል። ይሄን ልማድ የሚያስተዉት ልምምድ ላይ ነው፦ በጠባብ ሜዳ 5 ለ5 ያጫውቱና ጥፋት ቢሠራም አይነፉም። ተጫዋቹ ከግፊያው በፊት ዳሌውን ዝቅ አድርጎ፣ ክንዱን ዘርግቶ፣ ሰውነቱን በኳሱና በተጋጣሚው መሀል ማስገባት ይለምዳል። ነገሩ ከጡንቻ ይልቅ የአቋቋም ጉዳይ ነው። ሮበር ፒሬስ በ2000 አርሰናል ሲገባ የመጀመሪያውን ጨዋታ ሰንደርላንድ ላይ ከተጠባባቂ ወንበር ነው ያየው፤ የቡድን ጓደኛው ቪዬራ በቀይ ካርድ የወጣበት፣ አርሰናልም 1 ለ 0 የተሸነፈበት ጨዋታ። የመጀመሪያ ዓመቱ ተራ ነበር። በ2002 ግን የእግር ኳስ ጸሐፊዎች የዓመቱ ምርጥ ብለው መረጡት።

ሉካ ሞድሪችም በ2008 ቶተንሃም ሲገባ ቡድኑ ከመጀመሪያዎቹ 8 የሊግ ጨዋታዎች ያገኘው 2 ነጥብ ብቻ ነበር፤ ‹‹ስስ ነው፣ ለዚህ ሊግ አይሆንም›› ተባለ። አሰልጣኝ ተቀየረ፣ በመጀመሪያ ግራ መስመር ላይ፣ ኋላ መሐል ላይ ቦታ ተገኘለት። በ2012 ሪያል ማድሪድ የወሰደው ያንኑ ስስ ሰውዬ ነው።

በእኛ ግምት በጣም የሚቸገሩት የመሐል አማካዮችና ኳስ እየገፉ የሚሄዱ የመስመር አጥቂዎች ናቸው፤ በየደቂቃው ኳስ ስለሚነኩ በየደቂቃው ይፈተናሉ። ሳጥን ውስጥ በአንድ ንክኪ የሚጨርስ አጥቂ ግን ቶሎ ይገባዋል። ሰርጂዮ አጉዌሮ በኦገስት 2011 ስዋንሲ ላይ ተቀይሮ ገብቶ በመጀመሪያ ጨዋታው ሁለት አገባ፤ ኧርሊንግ ሃላንድ በመጀመሪያ ዓመቱ፣ በ2022/23፣ 36 የሊግ ጎል አስቆጠረ። ‹‹ሄንሪስ አጥቂ አልነበር?›› የሚል ይኖራል። ሄንሪ ሞናኮና ጁቬንቱስ ውስጥ በብዛት መስመር ላይ ነበር፤ የአርሰናሉ አሰልጣኝ ቬንገር ወደ መሐል አመጡት። አገርም ቦታም በአንድ ጊዜ ነው የተለወጠበት። በዚያው የውድድር ዓመት መጨረሻ የሊግ ጎሉ 17 ደርሷል።

ጥያቄ፦ ግብ ጠባቂዎችስ? ይሄ ሁሉ ግፊያ አይመለከታቸውም አይደል? (ከአዳማ)

መልስ፦ እንዲያውም በማዕዘን ምት ጊዜ በጣም የሚገፋው ግብ ጠባቂው ነው። አንዱ አጥቂ እግሩ ጣት ላይ ይቆምበታል፣ ሌላው የሚወጣበትን መንገድ ይዘጋበታል። በስፔን በትንሹ የግብ ክልል ውስጥ ትንሽ ከነኩት ፊሽካ ይሰማል ብሎ የለመደ ሰው እዚህ ኳሷን ሊይዝ ይወጣና መንገድ ላይ ይቀራል። ዳቪድ ዴ ሂያ በ2011፣ በ20 ዓመቱ፣ ከአትሌቲኮ ማድሪድ ማንቸስተር ዩናይትድ ሲገባ የሆነው ይሄው ነው። በዲሴምበር 31 ብላክበርን ኦልድ ትራፎርድ ላይ 3 ለ 2 ሲያሸንፍ ሦስተኛው ጎል የመጣው ከማዕዘን ምት ሲሆን፣ ዴ ሂያ ወጥቶ ኳሷን አላገኛትም። በቀጣዩ ጨዋታ ሌላው ግብ ጠባቂ ሊንዴጋርድ ተሰለፈ።

የሚሠራው ሥራ እንዲህ ነው። ልምምድ ላይ ተሻጋሪ ኳስ እየተጣለ፣ ትራስ የመሰለ መከላከያ የያዙ ሰዎች ግብ ጠባቂውን በአየር ላይ ይገፉታል። ሲዘል አንድ ጉልበቱን ከፍ ያደርጋል፤ ከለላም ሚዛንም ይሰጠዋል። ዙሪያው ባዶ ከሆነ ይይዛል፤ ሰው ከተሰበሰበበት በሁለት ቡጢ ወደ ጎን መትቶ ያወጣል። መሐል መንገድ ላይ ሐሳብ መለወጥ ነው ጎል የሚያስገባው፤ ወይ ከመጀመሪያው ይወጣል፣ ወይ መስመሩ ላይ ይቀራል። ለዴ ሂያ ክብደት ማንሳትና የተስተካከለ ምግብም ተጨመረበት። የግብ ጠባቂዎች አሰልጣኙ ኤሪክ ስቲል ደግሞ ልጁን ለማናገር ብለው ስፓኒሽ ተማሩ። ብዙ ክለብ ተጫዋቹን እንግሊዝኛ እስኪለምድ ነው የሚጠብቀው፤ እኚህ ሰውዬ ግማሹን መንገድ ራሳቸው ሄዱ። ዴ ሂያ ኋላ የክለቡ የዓመቱ ምርጥ ተጫዋች ተብሎ 4 ጊዜ ተሸልሟል።

ጥያቄ፦ በዲሴምበር ለምን ይዝላሉ? (ከባሕር ዳር)

መልስ፦ በስፔንና በጀርመን ለገና ሊጉ ያርፋል፤ የጀርመኑ ይረዝማል። በእንግሊዝ በገና ማግስት፣ በዲሴምበር 26፣ ጨዋታ መኖሩ የቆየ ልማድ ነው። ከ2019/20 ጀምሮ ለጥቂት ዓመታት በብርዱ ወራት አጋማሽ አጭር እረፍት ተሞክሮ ነበር፤ በ2024/25 ቀረ። 38 የሊግ ጨዋታ፣ ሁለት የአገር ውስጥ ዋንጫ፣ ለአንዳንዱም የአውሮፓ ውድድር አለበት።

ድካሙ ብቻ ቢሆን ቀላል ነበር። በየሦስት ቀኑ ሲጫወቱ በመሀል ያለው ቀን ለማገገሚያ ነው የሚውለው፤ ቀለል ያለ ሩጫ፣ ማሳጅ፣ ቪዲዮ። እውነተኛ ልምምድ የለም። እና የቡድኑን አጨዋወት እስከ ኖቬምበር ያልያዘ አዲስ ተጫዋች በዲሴምበር የሚማርበት ቀን አያገኝም።

የምሳ ሰዓት ጨዋታውም አለ። በእነሱ 12፡30 የሚጀመረው፣ እኛ ዘንድ እንደ ወቅቱ ከቀኑ 8፡30 ወይም 9፡30 የምናየው። ከጨዋታ በፊት የሚበላው ዋና ምግብ 3 ሰዓት ያህል ቀድሞ ስለሆነ ተጫዋቹ ገና በማለዳው ፓስታና ዶሮ ይቀርብለታል። በስፔን ማታ መጫወት የለመደ ሆድ ይሄን አይቀበልም። ከምሽት ጀምሮ በደንብ በልቶ፣ ጠዋት ሩዝ ወይም አጃ በትንሹ መውሰድ ይሻላል፤ አዲስ ምግብ በጨዋታ ቀን መሞከር ግን ስህተት ነው። ፓትሪስ ኤቭራ በጃንዋሪ 14 ቀን 2006 ለማንቸስተር ዩናይትድ የመጀመሪያ ጨዋታውን ሲያደርግ ተጋጣሚው ማንቸስተር ሲቲ ነበር። 3 ለ 1 ተሸነፉ፣ እሱም በእረፍት ሰዓት ተቀየረ። ከዚያ በኋላ 5 ጊዜ የሊግ ሻምፒዮን ሆኗል።

ጥያቄ፦ ከሜዳ ውጭ ክለቡ ምን ይረዳቸዋል? ቋንቋውስ? እኔ ራሴ በስደት ስለምኖር ነው የምጠይቀው። (ከዱባይ)

መልስ፦ ትልልቆቹ ክለቦች ለዚሁ ሥራ የተቀጠረ ሰው አላቸው። ቤት ያፈላልጋል፣ የባንክ ሒሳብ ያስከፍታል፣ ከአካባቢው ሐኪም ጋር ያስመዘግባል፣ ለልጆች ትምህርት ቤት ይፈልጋል። መኪና የሚነዳው በግራ ስለሆነ ይሄንንም ያለማምዳል፤ ከአውሮፓ ውጭ የመጣ መንጃ ፈቃድ አብዛኛውን ጊዜ የሚያገለግለው 12 ወር ነው። የሚበላሸው ቤቱ ሲዘገይ ነው። ሁለት ሦስት ወር ሆቴል የተቀመጠ ተጫዋች ከልምምድ መልስ ክፍሉ ውስጥ ስልኩን ይዞ ይተኛል፤ ሚስቱም ሰው አታውቅም፣ በዲሴምበር ማንቸስተር ውስጥ ገና በ10 ሰዓት ይመሻል። እርስዎ ይሄን ከእኛ በላይ ያውቁታል።

ቋንቋውን በተመለከተ፣ ለሜዳ የሚያስፈልገው በመጀመሪያው ሳምንት የሚያልቅ ነው። ‹‹ማን ኦን!›› ከኋላህ ሰው አለ፤ ‹‹ታይም!›› ጊዜ አለህ፤ ‹‹ተርን!›› ዙር፤ ‹‹አዌይ!›› አርቀህ ምታ፤ ‹‹ስቴፕ!›› መስመሩ ወደ ፊት ይውጣ። ከባዱ የመልበሻ ክፍሉ ቀልድ ነው፤ ሊቨርፑልና ኒውካስል ውስጥ ደግሞ የአካባቢው አነጋገር የለንደን ሰውንም ያስቸግራል።

ናፍቆት ሁሉንም አይጥልም። ኾሴ አንቶኒዮ ሬየስ በጃንዋሪ 2004 አርሰናል ገብቶ ሳይሸነፍ ዋንጫ ከወሰደው ቡድን ጋር ነበር፤ ናፍቆቱን ግን አልደበቀም፣ በ2006 ወደ ማድሪድ ሄደ። በወጣትነቱ ከሴቪያ መራቅ ያስጨንቀው የነበረው ሄሱስ ናቫስ ደግሞ በ2013፣ በ27 ዓመቱ፣ ሲቲ ገብቶ አራት ዓመት ቆየ፣ በ2014 ሊጉንም በላ። የሄደበት ዕድሜ ለውጥ ያመጣ ይመስለናል።

ጥያቄ፦ ሳላህና ዴ ብሩይን ቼልሲ ላይ ከሽፈው ኋላ ሊጉን እንዴት ገዙት? (ከሐዋሳ)

መልስ፦ ‹‹ከሸፉ›› የሚለው ቃል ላይ አንስማማም። ዴ ብሩይን በ2013/14 ለቼልሲ የተጫወተው 3 የሊግ ጨዋታ ነው። ሳላህ ከጃንዋሪ 2014 ጀምሮ 13 የሊግ ጨዋታ ላይ ታይቶ 2 አገባ፤ አብዛኛውን ተቀይሮ እየገባ። ከፊታቸው አዛር፣ ዊሊያንና ኦስካር ነበሩ። ሳይሰለፍ የሚለምድ ሰው የለም። ሳላህ በፊዮሬንቲናና በሮማ በየሳምንቱ ተጫውቶ በ2017 ሊቨርፑል ሲመጣ፣ አሰልጣኙ ክሎፕ የሰጡት ሥራ የሚችለውን ነበር፦ ከቀኝ መስመር ተነስቶ በግራ እግሩ ወደ ጎል መቁረጥ። በዚያው የውድድር ዓመት 32 የሊግ ጎል።

ጥያቄ፦ ወንድሜ 16 ዓመቱ ነው፣ ጎበዝ ነው። አንድ ሰው ‹‹እንግሊዝ ለሙከራ እወስደዋለሁ›› ብሎ ገንዘብ ጠይቆናል። ይቻላል? (ከጅማ)

መልስ፦ በዚህ ዕድሜው አይቻልም። በፊፋ ደንብ ከ18 ዓመት በታች ያለ ተጫዋች ከአገር አገር አይዛወርም። ወላጆቹ ከኳስ ውጭ በሆነ ምክንያት አገር ሲቀይሩ የመሳሰሉ ጥቂት ልዩ ሁኔታዎች ብቻ አሉ። ከኢትዮጵያውያን ወላጆች በርሊን የተወለደው፣ አሜሪካ ያደገው ጌዲዮን ዘላለም በ2013 በ16 ዓመቱ አርሰናል የገባው የጀርመን ዜግነት ስለነበረው ነው፤ ያኔ ለአውሮፓ ኅብረት ዜጎች ከ16 ዓመት ጀምሮ ይፈቀድ ነበር። ብሪታንያ ከኅብረቱ ከወጣች በኋላ፣ ከ2021 ጀምሮ፣ ይህም በር ተዘግቷል።

18 ሲሞላውም ክለቡ የሥራ ፈቃድ ለማግኘት የእንግሊዝ እግር ኳስ ማኅበርን ድጋፍ ይጠይቃል፤ መመዘኛው 15 ነጥብ ነው። ነጥቡ የሚሰላው ተጫዋቹ ለብሔራዊ ቡድን፣ በሊግና በአህጉር ውድድር በተሰለፈበት ደቂቃ፣ በሚጫወትበት ሊግ እርከንና በክለቡ ደረጃ ነው። ያለ ነጥብ በቀጥታ የሚያልፉት ብሔራዊ ቡድናቸው በፊፋ እስከ 50ኛ ደረጃ ያለ፣ በበቂ መጠንም የተሰለፉ ናቸው፤ ከ31 እስከ 50 ላለ አገር 70 በመቶ ደቂቃ ይጠየቃል። የእኛ ብሔራዊ ቡድን ከ100ኛ በታች ነው፣ ሊጋችንም በመጨረሻው፣ በ6ኛው እርከን ይመደባል። ከ2023 ወዲህ ነጥብ ለጎደላቸው ጥቂት ተጫዋቾች የተለየ ኮታ ቢኖርም፣ እሱም በዓለም አቀፍ ወይም በአህጉር ውድድር የተሰለፉበትን መዝገብ ይፈልጋል።

የሚሠራው መንገድ ዙሪያ ጥምጥም ነው። ብራይተን በ2021 ጃፓናዊውን ካኦሩ ሚቶማን ሲገዛ የእንግሊዝ ፈቃድ ስላላገኘ አንድ ዓመት ለቤልጂየሙ ዩኒየን ሴን ጂሎዋዝ በውሰት ሰጠው፤ በ2022 መልሶ አሰለፈው።

ገንዘቡን አይስጡ። ሰውየው ወኪል ነኝ ካለ የፊፋ ፈቃዱን ይጠይቁት፤ ከኦክቶበር 2023 ጀምሮ ያለ ፈቃድ መሥራት አይቻልም፣ ፈቃድ ያላቸው ስም ዝርዝር በፊፋ ድረ ገጽ ላይ ይገኛል። ‹‹ክለቡ ጠርቶታል›› ካለም የክለቡን ደብዳቤ ያምጣ። ከዚያም ደብዳቤው ላይ ባለው ስልክ ሳይሆን በክለቡ ድረ ገጽ ላይ ባለው ደውለው ያረጋግጡ።